ሪሲቨሩ መጨረሻ ይገዛል

የሳተላይት ቴሌቪዥን ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ስገዛ የጀመርኩት ከሪሲቨሩ ነበር። ካርቶኑ ላይ የተደረደሩት አርማዎችና ሻጩ «ይሄ ሁሉንም ይስባል» ብሎ የሰጠኝ ማረጋገጫ በቂ መስለውኝ፣ ዲሹን፣ ኤልኤንቢውን (ዲሹ የሚሰበስበውን ሲግናል የሚቀበለውን ዕቃ) እና ኬብሉን በተረፈችኝ ገንዘብ አሟላሁ። ትርፌ ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያ ላይ መውጣትና መውረድ ሆነ። መለስ ብዬ ሳስበው ቅደም ተከተሉን ገልብጬው ነበር። ምርጫው መጀመር ያለበት ከሰማይ ነው፤ ከዚያ ወደ ዲሹ፣ ከዲሹ ወደ ኤልኤንቢው፣ ከኤልኤንቢው ወደ ኬብሉ ወርዶ ሪሲቨሩ ላይ ያልቃል። ሲግናሉም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ መንገድ ላይ የጠፋውን የትኛውም ሪሲቨር አይመልሰውም።

ከሰማይ መጀመር ማለት ምን ማየት እንደምንፈልግ መወሰን ማለት ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ከመሬት ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ከታች ለሚመለከታቸው አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ፤ የሚታወቁትም በሚገኙበት ዲግሪ፣ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ እየተባሉ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሳተላይት የሚያየውን ምድር ሁሉ እኩል አያዳርስም። ጨረሩን የሚያነጣጥርባቸው አካባቢዎች ስላሉ፣ ከዚያው ሳተላይት ከሚወጡት ጨረሮች አንዱ በትንሽ ዲሽ ሲያዝ ሌላው ጨርሶ ላይደርሰን ይችላል። ስለዚህ የምንፈልጋቸውን ቻናሎች ወረቀት ላይ አስፍረን፣ ከእያንዳንዳቸው ጎን ሳተላይቱን፣ ጨረሩን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ፖላራይዜሽኑን (ሞገዱ ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል መሆኑን)፣ ሲምቦል ሬቱን (መረጃው የሚላክበትን ፍጥነት) እና የስርጭቱን ዓይነት መመዝገብ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቻናሉ ነጻ መሆኑም መጣራት ያለበት እዚሁ ላይ ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ከስሙ አጠገብ የዶላር ምልክት የሚታይበት ቻናል የተቆለፈ ነው፤ «ቁልፉን እሞላልሃለሁ» ተብሎ የሚሸጥ ሪሲቨር ደግሞ ቁልፉ የተቀየረ ዕለት ዋጋ ስለሚያጣ፣ እኔ በእንዲህ ያለው ተስፋ ላይ ገንዘብ አላወጣም። ወረቀቱ ከተሞላ በኋላ የጎረቤቶችን ጣሪያ ቀና ብሎ ማየትም አይከፋም። ያንኑ ሳተላይት የሚያዩ ሰዎች ምን ያህል ዲሽ እንደተከሉ፣ ወደየት እንዳዞሩና ከዛፍና ከሕንፃ እንዴት እንዳሸሹ በነጻ የሚገኝ ምክር ነው።

ዲሽ ላይ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። 60 ሳንቲ ሜትርና 85 ሳንቲ ሜትር ለዓይን ብዙ የሚራራቁ አይመስሉም፤ ነገር ግን ሲግናል የሚሰበስበው የሳህኑ ገጽ ስፋት እንጂ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት ስላልሆነ፣ ባለ 85ቱ ከባለ 60ው እጥፍ ይሰበስባል፤ በባለሙያዎቹ አነጋገር 3 ዲሲቤል ይጨምራል። ይህ ጭማሪ በጠራ ቀን ምንም ለውጥ አያሳይም፤ ምክንያቱም የዲጂታል ምስል እንደ ድሮው አናሎግ ቀስ እያለ አይደበዝዝም፤ ወይ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ወይ ተቆራርጦ ይጠፋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲዘንብ ነው። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነውን የኬዩ ባንድ ሲግናል የዝናብ ጠብታ ስለሚያደክመው፣ በደረቅ ቀን ለጥቂት የሚያልፍ ዲሽ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይሸነፋል። በወረቀት ላይ «60 ይበቃል» ተብሎ ሲጻፍ እኔ 80 ወይም 90 የምገዛው ለዚሁ መጠባበቂያ ስል ነው።

የመጠን ሌላው ጥቅም ሳተላይቶችን መለየት ነው። ባለ 60ው ሳህን በኬዩ ባንድ ሲያይ የእይታው ወርድ 3 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ የባለ 90ው ግን ወደ 2 ዲግሪ ይጠብባል። ሁለት ሳተላይቶች ተቀራርበው በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ቢያሰራጩ ትንሹ ዲሽ ሲያደባልቃቸው ትልቁ አንዱን ይመርጣል። ነገር ግን ጠባብ እይታ ንቅናቄን አይታገሥም። ትልቅ ዲሽ በደካማ ቋሚ ላይ መትከል ትንሽ ዲሽ በጠንካራ ቋሚ ላይ ከመትከል የባሰ ነው፤ የእኔ የመጀመሪያ ዲሽ በረንዳው የብረት አጥር ላይ ታስሮ ስለነበር ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምስሉ ይቆም ነበር። ቋሚው ወፈር ያለ፣ ግድግዳ ወይም ኮንክሪት ላይ የታሰረና በውኃ ልክ ሲለካ ቀጥ ያለ ይሁን። ቋሚው ካጋደለ አቅጣጫውን ባዞራችሁ ቁጥር ከፍታውም አብሮ ስለሚዛባ፣ ፍለጋው ማለቂያ የለውም።

ሳህኑ ራሱ ጠማማ አለመሆኑን የምፈትሽበት ቀላል መንገድ አለኝ። ሁለት ቀጭን ክር ወስጄ አንዱን ከላይ ወደ ታች፣ ሌላውን ከግራ ወደ ቀኝ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ወጥሬ አስራቸዋለሁ። ክሮቹ መሃል ላይ ልክ ሲሳሳሙ ጠርዙ ደህና ነው፤ በመካከላቸው ብርሃን ከታየ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው ሳህኑ ተጠማዟል ማለት ነው። የኬዩ ባንድ ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉብጠት እንኳ ሲግናሉ አንድ ነጥብ ላይ እንዳይሰበሰብ ያደርገዋል። ሻጮች ክር ይዞ የሚመጣ ገዢ አይወዱም፤ ቢሆንም ይፈቅዳሉ።

አብዛኛው የቤት ዲሽ ኦፍሴት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ኤልኤንቢው ከታች በክንድ ተይዞ የሳህኑን መሃል ስለማይከልል ዲሹ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንኳ ወደ ላይ 25 ዲግሪ ገደማ ያያል። ይህ ጠባይ ሳተላይቱ ወደ አድማስ ዝቅ ባለበት አገር ምቹ ነው። ለምድር ወገብ በቀረበ ስፍራ ግን ሳተላይቱ ወደ ራስ አናት ሊጠጋ ስለሚችል፣ ሳህኑ ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው መጋደም ይኖርበታል። የጀርባው ማሰሪያ እስከዚያ ድረስ መታጠፉን ከመክፈል በፊት በእጅ መሞከር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ መሃል መንገድ ላይ ይቆማሉ።

ስለ ሲ ባንድ፣ ማለትም ከኬዩ ባንድ በታች ስላለው የሳተላይት ፍሪኩዌንሲ፣ የምለው ጥቂት ነው። ሞገዱ ከኬዩ ባንድ በሦስት እጥፍ ስለሚረዝም፣ ባለ 60ው የሚሰጠውን የእይታ ጥበት ለማግኘት 1.8 ሜትር ሳህን ይጠይቃል፤ በምትኩ ዝናብ ብዙም አይበግረውም። ቦታው ያለውና የሚፈልገው ቻናል እዚያ ብቻ የሚገኝ ሰው ይግዛው።

ኤልኤንቢ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ሁሉም ካርቶን «0.1 ዲሲቤል» ይላል። ይህ ቁጥር ዕቃው ከራሱ የሚጨምረው ጫጫታ 7 ኬልቪን ያህል ብቻ ነው እንደማለት ሲሆን፣ 0.3 እንኳ ወደ 21 ኬልቪን ይጠጋል። በርካሽ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ለሚውል ዕቃ ይህን መጻፍ ድፍረት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የምመለከተው ክዳኑ ውኃ እንዳያስገባ በደንብ መገጠሙን፣ የኬብል መግቢያው ጎማ ያለው መሆኑንና ሙቀት ሲለዋወጥ ፍሪኩዌንሲው የማይሸሽ መሆኑን ነው፤ የመጨረሻው በተለይ ሲምቦል ሬታቸው አነስተኛ የሆኑ ቻናሎችን ለሚከታተል ሰው ወሳኝ ነው። ዩኒቨርሳል የሚባለው ኤልኤንቢ የመጣውን ሲግናል ዝቅ የሚያደርግባቸው የውስጥ ፍሪኩዌንሲዎች 9750 እና 10600 ሜጋኸርዝ ስለሆኑ በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች መመረጥ አለባቸው፤ ለሲ ባንድ የተለመደው 5150 ነው። ይህ ሳይስተካከል ዲሹን ማዞር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለት ክፍል ውስጥ የተለያየ ቻናል ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ አንዱን ኬብል ተራ ማከፋፈያ ገጥሞ ለሁለት ቢከፍለው አይሳካለትም፤ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ገዝቶ ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ኬብል ይዘርጋ። ባለ አራት መውጫ ሲገዛም ኳድ እንጂ ኳትሮ አለመሆኑን ያረጋግጥ፤ ኳትሮው መልቲስዊች የሚባል ሌላ ዕቃ ካልታከለበት ለቤት አይሆንም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ስርጭቱን በአራት ይከፍለዋል፤ ሪሲቨሩም የትኛውን ሩብ እንደሚፈልግ የሚነግረው ምስሉ በሚመጣበት በዚያው ኬብል ነው። 13 ቮልት ከላከ ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ከላከ ሆሪዞንታል ይሆናል፤ የ22 ኪሎኸርዝ ድምፅ ከጨመረበት የላይኛው ባንድ፣ ካልጨመረበት የታችኛው ይመጣል። ይህን የተረዳ ሰው ግማሹ ቻናል ሲጠፋበት ዲሹን አይነካም። የጠፉትን በወረቀቱ ላይ ያያቸውና ሁሉም ሆሪዞንታል ከሆኑ 18 ቮልቱ ላይኛው ጫፍ እየደረሰ እንዳልሆነ ይጠረጥራል።

እኔ ይህን የተማርኩት ዲሹን ሦስት ጊዜ ካዞርኩ በኋላ ነው። ሆሪዞንታል ቻናሎቼ ከዝናብ በኋላ ይጠፉና ፀሐይ ሲወጣ ይመለሱ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጓደኛዬ መልቲሜትር ይዞ መጣና ኤልኤንቢው እየሠራ ሳለ ከሪሲቨሩ መውጫ ላይ ሲለካ 18 ቮልት አገኘ፤ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲለካ ግን ቁጥሩ ከ14 ብዙም አላለፈም። በመካከል ላይ ሁለት ቁራጭ ኬብል ጠምዝዤ በጥቁር ቴፕ የጠቀለልኩበት ቦታ ነበር። ቴፑን ስፈታው ውኃ ጠብ አለ። ዙሪያውን የሸፈነው የአሉሚኒየም ሽቦ ነጭ ዱቄት ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ያለው፣ መዳብ ነው ብዬ የገዛሁት ሽቦ ደግሞ ቡናማ ዝገት አውጥቷል። መዳብ እንዲህ አይዝግም። ከላይ መዳብ የተቀባ ብረት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ኬብል ስገዛ ትንሽ ማግኔት በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። የመሃል ሽቦው ማግኔቱን ከሳበ ውስጡ ብረት ነው፤ ለአጭር ርቀትና ለአንድ ኤልኤንቢ ይሠራል፤ ርቀቱ ሲረዝም ወይም ዲሽ የሚያዞር ሞተር ሲጨመር ግን ቮልቱን ይበላዋል። ኬብሉ 75 ኦም የሆነ አርጂ-6 ይሁን። ቀጭኑ አርጂ-59 ለዚህ ፍሪኩዌንሲ አይመከርም፤ ደህና አርጂ-6 እንኳ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ በ100 ሜትር 30 ዲሲቤል ገደማ ያጠፋል። መቀጠል ካልቀረ በመጠምዘዝ ሳይሆን በትክክለኛ ማገናኛ ይቀጠል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ኬብል መዘርጋት ነው። ጫፉ ላይ የሚገባውን ኤፍ ኮኔክተር ስትገጥሙ ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር ታጥፋ መሃለኛውን እንዳትነካ ተመልከቱ፤ ከነካች ሪሲቨሩ ሾርት ብሎ ይጽፋል ወይም ኃይሉን ይቆርጣል። በመሣሪያ የሚጨመቀው ኮኔክተር በእጅ ከሚጠመዘዘው ይሻላል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውኃ እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ዲሹና ቋሚው ደግሞ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዙ።

ከአንድ በላይ ሳተላይት ለሚፈልግ ዳይሴክ ስዊች፣ ማለትም ብዙ ኤልኤንቢዎችን በአንድ ኬብል እያቀያየረ የሚያገናኝ ዕቃ፣ አለ፤ የተለመደው 1.0 አራት ኤልኤንቢ ሲያስተናግድ፣ 1.1 እስከ አሥራ ስድስት ይደርሳል፤ ሞተር የሚያዘው ደግሞ 1.2 ነው። ሳተላይቶቹ የሚቀራረቡ ከሆነ በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ጎን ለጎን መግጠም ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያደናግረው ነገር አቅጣጫው እንደ መስታወት መገልበጡ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ላለው ሳተላይት የሚሆነው ኤልኤንቢ የሚገጠመው በምዕራብ በኩል ነው።

አሁን ሪሲቨሩ ይምጣ። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የስርጭት ዓይነት ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዲቪቢ-ኤስ2 ከቀድሞው ዲቪቢ-ኤስ 30 በመቶ ያህል የበለጠ መረጃ ስለሚያሳልፍ ብዙ አሰራጮች ወደ እርሱ ዞረዋል፤ አሮጌ ሪሲቨር እነዚህን ቻናሎች ጨርሶ አያገኛቸውም። ከዚያ የምስሉ አጨማመቅ ይመጣል። ኤምፔግ-4 ዛሬ የግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችኢቪሲም በአዳዲስ ቻናሎች ላይ እየበዛ ስለሆነ፣ አሁን የሚገዛ ሰው እርሱ የሌለበትን እንዲገዛ አልመክርም። ብላይንድ ሰርች መኖሩም ይጠቅማል፤ ፍሪኩዌንሲው ሲቀየር ቁጥር ሳንፈልግ ራሱ አስሶ ያገኘዋል። በሜኑው ላይ ከሚታዩት ሁለት መስመሮች ደግሞ መታየት ያለበት ጥራት የሚለው ነው። ጥንካሬ የሚለው ኤልኤንቢው ስለተገናኘ ብቻ፣ ዲሹ ወደ ባዶ ሰማይ ዞሮ እንኳ 60 በመቶ ሊያሳይ ይችላል፤ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ያንን 60 አይቼ በደስታ ብሎኑን አጥብቄ ወርጄ ነበር።

ያ በመጀመሪያ የገዛሁት ሪሲቨር ኤችኢቪሲ የለውም። በወረቀቴ ላይ ካሉት ቻናሎች ሦስቱን ድምፃቸውን እያሰማ ጥቁር ስክሪን ያሳየኛል። አልጣልኩትም፤ ዲሽ በማስተካክልበት ጊዜ ከአንዲት ትንሽ ስክሪን ጋር በቦርሳ ይዤው ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ የጥራት መስመሩን ግን ሳሎን ካለው ከአዲሱ እኩል ያሳያል።