እሴታችሁን ከወር ወጪያችሁና ከልጅነታችሁ ማንበብ

«የምታምኑባቸው እሴቶች ምንድን ናቸው?» ሲባል መልሱ ይታወቃል፤ ሐቀኝነት፣ ቤተሰብ፣ እምነት፣ ጠንክሮ መሥራት። ውሸት አይደለም፣ ግን ሐቀኝነትን እጠላለሁ የሚል ሰው ስለሌለ ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን ሁለት መልካም ነገሮች በአንድ ቅዳሜ ወይም በአንድ ደመወዝ ላይ ሲጋጩ የትኛው እንደሚቀድም ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልተን ሮኪች እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው መለኪያ ሰዎች 18 የሕይወት ግቦችንና 18 የጠባይ ዓይነቶችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል እንዲደረድሩ ያደረገው ለዚህ ነው። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሻሎም ሽዋርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 10 የእሴት ዓይነቶችን በክብ ላይ አስቀምጧል፤ ጎረቤት የሆኑት ይስማማሉ፣ ፊት ለፊት የሆኑት ይጋጫሉ። ወግን መጠበቅ በራስ ሐሳብ ከመመራት ጋር፣ ስኬትን መሻት ለሌላው ከማሰብ ጋር ይፋጠጣሉ። ሁሉንም እኩል እወዳለሁ ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሰዓት ሁሉንም እኩል መኖር ግን አይቻልም።

ከገንዘብ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ተጽፎ ይገኛል። የባንክ ወይም የቴሌብር ዝርዝራችሁን የ3 ወር አውጡ። አንድ ወር አይበቃም፤ ሰርግ፣ ሐዘን ወይም ዓመት በዓል ከገባበት ያዛባዋል። የቤት ኪራይ፣ መብራትና ትራንስፖርት ምርጫ ስለሌለባቸው ዝለሏቸው። በቀረው ላይ ከሦስት አንድ ምልክት አድርጉ፦ «ፈ» ፈቅጄ፣ «ይ» በይሉኝታ፣ «ል» በልማድ። ከዚያ ደመወዝ በገባ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት የወጣውን ለብቻው እዩ። መጀመሪያ የሚከፈለው እቁቡ ነው? የእናት ነው? የልጅ ትምህርት ቤት ነው? ቅደም ተከተሉ ከመጠኑ ይልቅ ይናገራል።

ከዱባይ ወይም ከቤሩት በየወሩ ለቤተሰቧ ገንዘብ የምትልክ ሴትን እናስብ። ዘወትር የምትልከው ብዙ አይነግራትም፣ ለምዳዋለች። የሚነግራት ደመወዟ ዘግይቶ ተበድራ የላከችበት ወር ነው። ያን ወር ባትልክ ምን ትፈራ ነበር? «ይቀየሙኛል፣ ኮራች ይሉኛል» ከሆነ ያንቀሳቀሳት በቤተሰቡ ፊት ያላት ቦታ ነው። «ወንድሜ ትምህርቱን ያቋርጣል» ከሆነ የወንድሟ ነገ ነው። ልዩነቱን ካወቀች የሚለወጥ ነገር አለ፤ ሁለተኛው ከሆነ ብሩን በቀጥታ ለትምህርቱ ክፍያ እንዲውል ማድረግና በሰርግ መዋጮው ላይ ያለ ጸጸት «አሁን አልችልም» ማለት ትችላለች።

ጊዜን ለመመርመር ደግሞ ደብተር ያስፈልጋል፤ ለ14 ቀን፣ በቀን 3 ምርጫ፣ በአራት ዓምድ፦ የመረጥኩት፣ የተውኩት፣ ማን ያይ ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተሰማኝ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ ይተወዋል፣ ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። የተተወ ነገር ከሌለ ምርጫም አልነበረም። ለምሳሌ፦ «ለቅሶ ደረስኩ፤ የልጄን ጨዋታ ማየት ተውኩ፤ የእድሩ ሰው በሙሉ፤ እፎይታ።» እፎይታ የሚመጣው ከቅጣት ወይም ከወቀሳ ስንድን ነው። በአራተኛው ዓምድ «ከሟች ልጅ ጎን ስቀመጥ ቦታዬ እዚህ ነው አልኩ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያው ለቅሶ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ሦስቱን ዓምድ በቦታው፣ አራተኛውን ከአንድ ሰዓት በኋላ በሁለት መስመር ጻፉ፤ ማታ ሲጻፍ ትዝታው ያሳምረዋል።

አስተዳደግን በአንድ ገጽ ላይ ለብቻ ያዙት። በቤታችሁ በተደጋጋሚ የሚባሉ 10 አባባሎችን ጻፉ፤ «ሰው ምን ይለናል»፣ «የሰው ንብረት እንዳትነካ»፣ «ታላቅ ሲናገር ዝም በል»። በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ማን ይለው ነበር፣ ሲጣስ ምን ይከተል ነበር፣ የሚለው ሰው ራሱ ይፈጽመው ነበር? ሦስተኛው ከሁለቱ ይከብዳል። በቁንጥጫ ብቻ የገባ ትእዛዝ ቆንጣጩ ሲርቅ ይላላል፤ ማንም ሳያዛት ከምሳው ለጎረቤት የምታካፍል እናት ያሳየችው ግን ሳይነገርም በልብ ይቀራል። ስለዚህ ያልተነገሩ፣ ግን የታዩ 5 ነገሮችንም ጨምሩ። እውነተኛው እሴት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱን ፈትኑ። የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት ከተማ አደርገው ነበር? 100 ብር ሲያስወጣ የማደርገውን 10,000 ብር ቢያስወጣ አደርገዋለሁ? ልጄ ቢተወው አዝናለሁ፣ ወይስ አፍራለሁ? ማዘንና ማፈር ለየቅል ናቸው። ይሉኝታን ግን በጅምላ አትጣሉት። ጎረቤቱ እንዳይቀየም የሚጠነቀቅ ሰው ለጎረቤቱ የሚያስብ ሊሆን ይችላል። ችግር የሚሆነው ብቻውን መሪ ሲሆንና ሌላው ሁሉ ሲገፋ ነው።

ንዴትም ጥሩ ምስክር ነው። በታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ከእናንተ ፊት ቢገባ የምትናደዱት ስለ ሰዓታችሁ ሊሆን ይችላል። ከኋላችሁ ቢገባና ምንም ሳትጎዱ ደማችሁ ቢፈላ ግን ነገሩ ፍትሕ ነው።

ስህተቶቹ ይታወቃሉ። ትልልቅ ውሳኔዎችን ብቻ መመዝገብ አንዱ ነው፤ ትዳርና ሥራ መቀየር በዓመታት አንዴ ስለሚመጡ ንድፍ አያሳዩም። ሌላው የጸጸትን ድምፅ ሁሉ የእሴት ድምፅ ማድረግ ነው፤ እረፍት ሲወስድ የሚጸጸት ሰው ሥራ ወዳድ ላይሆን ይችላል፣ በልጅነቱ «ሰነፍ» መባልን የፈራ ሊሆን ይችላል። በጾም ወቅት ወይም በመስከረም መጀመርም አይመከርም፤ የወቅቱ ሥርዓትና የትምህርት ቤት ወጪ የራሳችሁን ምርጫ ይሸፍኑታል።

በመጨረሻ ከ5 የማይበልጡ እሴቶችን በቅደም ተከተል ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ከደብተሩ ሁለት ማስረጃ አስቀምጡ። ማስረጃ ያጣው ይሰረዝ ወይም «የምመኘው» በሚል ሌላ ገጽ ላይ ይሂድ፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ትንሽ ተግባር፣ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት ይሞከር። ባልና ሚስት አብረው የሚሠሩት ከሆነ ለየብቻ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ብቻ ያነጻጽሩ፤ ቀድሞ የተናገረው ሌላውን ይጎትታል።