በልብ አምኖ በእጅ መሠዋት

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት «ሰማዕታቱ ለአፋቸው ያህል እሺ ብለው በልባቸው ቢያምኑ ምን ነበረበት?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከልቤ አልወጣም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ250 ዓ.ም. የወጣው የሮማው ንጉሥ ዴክዮስ አዋጅ ልብን አልመረመረም። በሹማምንት ፊት ለአማልክት መሥዋዕት ማቅረብ፣ ወይን ማፍሰስ፣ ከመሥዋዕቱ መቅመስ፤ በቃ። ከዚያ ሰውየው መሠዋቱን የሚገልጽ ማመልከቻ በፓፒረስ (ከደንገል በተሠራ ወረቀት) ላይ ይጻፋል፣ ያየ ሰው ይፈርምበታል።

ከግብፅ ፋዩም የተገኘ አንድ ወረቀት ዛሬም ይነበባል። ባለቤቱ የ72 ዓመት አዛውንት ነው፤ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለበት ሳይቀር ተመዝግቧል። ክርስቲያን ይሁን አይሁን ወረቀቱ አይናገርም። ቃሉ ግን «ምንጊዜም ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ» ይላል። አንድ ክርስቲያን ይህን ሲያስጽፍ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም የሚክደው፤ ጥምቀቱን፣ የቆረበባቸውን ዓመታት ሁሉ እንዳልነበሩ ያደርጋል።

ሳይሠዉ በጉቦ ወረቀቱን የገዙም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን እነዚህንም ዝም ብላ አላለፈቻቸውም፤ በ251 በሰሜን አፍሪካ የተደረገው የቅርጣግና ጉባኤ የእያንዳንዳቸው ጉዳይ ታይቶ በንስሐ እንዲመለሱ ወሰነ። የሠዉት ንስሐ ግን እጅግ የረዘመ ነበር። ጉባኤውን የመራው ጳጳስ ቆጵርያኖስ በስደቱ ወቅት ተሸሽጎ መንጋውን በደብዳቤ ሲጠብቅ የቆየ ነው። በ258 በሌላ ንጉሥ ትእዛዝ መሥዋዕት አቅርብ ሲባል እምቢ አለ፤ በሰይፍ ተሰየፈ።