«ተፍታታች እኮ፣ ልጄ»

በአዲስ አበባ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ስሠራ፣ ኩላሊቷ የደከመ የ14 ዓመት ድመት እጄ ላይ ሞተች። አለቃዬ በልብ ማዳመጫ ደረቷን አዳምጦ ለባለቤቷ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ እናት፣ «አልፋለች፤ ይውሰዷት» አላቸውና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ድመቷ አፏን ከፍታ አየር ሳበች፤ የጎኗ ጡንቻም ተንቀጠቀጠ።

«ልጄ፣ ነፍስ አላት እኮ!» አሉና እጄን ጨበጡኝ።

ልብ ከቆመ በኋላም የአንጎል ግንድ እንዲህ ያለ ትንፋሽ ሊያስወጣ እንደሚችል፣ እንስሳውም እንደማይሰማው አውቅ ነበር። ደግሜ አዳመጥኳት፤ የዓይኗን ብሌን በጥጥ ጫፍ ነካሁት፤ አልጨፈነችም። «ሞታለች፣ እማማ» ብቻ ብዬ ሸኘኋቸው።

ልጃቸው ከአዳማ መጥታ እስክትሰናበታት ድረስ በነጠላ ጠቅልለው አቆዩዋት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደውለው ዓይኗን ቢከድኑት መልሶ እንደሚከፈትና ነጠላው እንደረጠበ፣ ማታ ደግሞ እግሮቿ እንደ እንጨት እንደ ደረቁ ነገሩኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር «ያለ ነው» እያልኩ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። «ተፍታታች እኮ፣ ልጄ። ሰመመን ይዟት ኖሮ ይሆን?»

ያን ጊዜ ከክሊኒኩ ደጃፍ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይንን ከድኖ የሚይዘውም ሽንትን የሚቋጥረውም ጡንቻ ስለሆነ፣ ሞት ሲያላላው ዓይን እንደተከፈተ ይቀራል፣ ሽንትም ይፈስሳል። ጡንቻ ለመኮማተር ብቻ ሳይሆን ለመላላትም ጉልበት ይፈልጋልና፣ በሕዋሳቱ ውስጥ የቀረው ጉልበት ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ሲያልቅ እንደተያያዘ ይደርቃል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጡንቻው ራሱ መፍረስ ሲጀምር ይፍታታል። መፍታታቱ ከሞት የመመለስ ሳይሆን በሞት የመራቅ ምልክት ነው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ይህን ያን ዕለት ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ትንፋሿን ስጠብቅ አድር ነበር?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለአለቃዬ ስነግረው «ለዚህ ሁሉ ትምህርት ጊዜ የለንም» አለኝ፤ በስልክ የነገርኳቸው ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም ነበር።

ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «አሁን አፈር ባለብሳት አያማትም?»

«አያማትም፣ እማማ» አልኳቸው።