ጥርኝ ያደረበት የቡና ማሳ

ዛሬ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለ ቡና ማሳ ውስጥ ስንዘዋወር፣ ባለማሳው አባት በዱላቸው መሬቱን ጠቆም አድርገው «ና ልጄ፣ ይቺን እያት» አሉኝ።

የጥርኝ እዳሪ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግማሹ የቡና ፍሬ! ገለፈቱ እንኳ አልተነካም፤ ቀዩን ልጣጭ ብቻ ፈጭቶ ፍሬውን እንዳለ ነው የሚያወጣው። በመሃሉ ደግሞ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለበት የሚመስል ስብርባሪ አለ። ያ ሲነኩት የሚጠቀለለው ባለ ብዙ እግር ፍጥረት ቅርፊት ነው። መርዝ ስላለው ብዙ አውሬ አይደፍረውም፣ ጥርኝ ግን ይበላዋል።

እኛ ጥርኝን የምናውቀው በዝባዱ ነው። ለሽቶ ብለን ጠባብ ቦታ ስናስረው ኖረናል። እዚህ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ የጫካውን ዘር ይበትናል። ማሳ የምትመነጥሩ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ዳር ዳሩን ጥሻ ተዉለት።