አሮጌ ሳክስፎን ስንት ያወጣል?

የአጎቴን ቴነር ሳክስፎን ልሸጠው ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ሻጮች የሚጠሩትን ዋጋ ነው፣ እሱ ግን ምንም አይነግራችሁም፣ በስንት ተሸጠ የሚለውን ነው ማየት። ከዛ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የቀኝ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጋ ነው ያለው፣ በሱ የተሠራበት ዓመት ይታወቃል። ሰልመር የሚባለው ፋብሪካ የሠራው ማርክ ሲክስ የሚባል ሞዴል ከሆነ፣ ከ1954 እ.ኤ.አ ጀምሮ የተሠራው ማለት ነው፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ኮን የሚባለው ፋብሪካ የሠራው የድሮ ሳክስፎን ከሆነ ደሞ ቁጥሩ አጠገብ ያለችውን ፊደል እዩ፣ ኤች ከሆነች ቃናው ከፍ ያለ ስለሆነ ከዛሬ ባንድ ጋር አይገጥምም፣ ዋጋውም በጣም ይወርዳል።

እኔን የገረመኝ ላከሩ፣ ማለትም ነሐሱ ላይ የሚቀባው የሚያብለጨልጭ ሽፋን ነው። የሚያብለጨልጭ ይሻላል ብዬ ሳስብ ነገሩ ግልብጥ ሆኖ አገኘሁት፣ እንደገና የተቀባ ሳክስፎን ከመቀባቱ በፊት ስለሚፈገፈግ ቅርጻ ቅርጹ ይሳሳል፣ ገዢም ይሸሸዋል። የአጎቴ ላከሩ ቦታ ቦታው ላይ ለቋል፣ ድምፅ የሚወጣበት ሰፊው አፉ ላይ የተቀረጸውን አበባ በጣቴ ስዳብሰው ግን ጠርዙ አሁንም ይሰማኛል፣ ደስ ሲል!

ማታ መብራት አጥፍቼ ትንሽ አምፖል ውስጡ ከተትኩ። ከሦስት ፓዶች፣ ቀዳዳዎቹን ከሚደፍኑት ክብ ሽፋኖች ማለት ነው፣ ስር ብርሃን ያፈተልካል፣ በደንብ አይዘጉም ማለት ነው። የጥገናው ወጪ እንግዲህ ከዋጋው ይቀነሳል።