ወንድሜን ሳልተው ራሴን መጠበቅ እንዴት ተማርሁ

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት በታወቀ በአራተኛው ዓመት፣ ሳህን ሲያጥብ ከኋላው ቀርቤ ትከሻውን ስነካው ዞሮ መታኝ። የበለዘውን ክንዴን በረጅም እጅጌ ሸፍኜ ለጠየቀኝ ሁሉ በር መታኝ እል ነበር። እውነቱን ብናገር «አደገኛ» የሚል ስም አሰጠዋለሁ ብዬ ፈራሁ። አብዛኞቹ የአእምሮ ሕሙማን ማንንም እንደማይጎዱ አውቃለሁ፤ ይህ እውቀት ግን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምት አላስቀረልኝም።

ዝምታዬ እርሱንም ጎድቶታል። ሐኪሙ ስለ ቤታችን ሲጠይቅ «ደህና ነን» እያልሁ ሕክምናው ባለበት እንዲቀጥል አደረግሁ። ከሦስተኛው በኋላ ግን ቀኑን፣ ቀድሞ የሆነውን፣ የእንቅልፉን ሁኔታና መድኃኒቱን መውሰድ አለመውሰዱን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ጎን ለጎን ሲታዩ ሦስቱም የደረሱት ክኒኑን ካቆመና ሁለት ሌሊት ያህል ሳይተኛ ካደረ በኋላ ነበር። ሐኪሙ ከወንድሜ ጋር ተመካክሮ በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ጀመረለት፤ በየማለዳው በክኒን ምክንያት የነበረው ጭቅጭቅም ቀረ።

ምግቡን እንደመረዝሁበት ሲናገር ቀድሞ እየቀመስሁና እየማልሁ እከራከረው ነበር፤ ክርክሩ ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል እንጂ አያበርደውም። አሁን ሐሳቡን ሳልቀበልም ሳልክድም፣ «እንዲህ መስሎህ ከሆነ መፍራትህ አይገርምም» እለዋለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ መውጫ እንዳላጣም፣ እርሱም እንደተከበበ እንዳይሰማውም በሩን አልዘጋም። ስልኬ ከኪሴ አይለይም፤ ቢላዎቹ ይቆለፍባቸዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ከቤት መውጣት ነበር፤ ጥዬው የሄድሁ ይመስለኝ ነበርና። ክርስቲን ቮን እና ጁሊያን ሌፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ ወቀሳና ከልክ ያለፈ መጨነቅ በበዛባቸው ቤቶች ከሚኖሩ ሕሙማን መካከል ከቤተሰባቸው ጋር በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት የሚያሳልፉት ሕመማቸው ይበልጥ እንደሚያገረሽ ማሳየታቸውን ሳነብ፣ ያለ ጸጸት ግማሽ ቀን ሥራ ያዝሁ።

ደህና በሆነበት ሰሞን አብረን ውል ጻፍን፦ እንቅልፉ ሲጠፋ ለማን እንደምደውል፣ እጁን ካነሳ ወዲያው ወጥቼ እርዳታ እንደምጠራ። አንዱን ነጥብ ራሱ በእጁ ጨመረ፤ ከኋላው ስመጣ አስቀድሜ ስሙን እንድጠራ።