ሴፍቲ ታንከሩ በ3 ሳምንት ተመልሶ ሲሞላ

ቤታችን ሰሚት አካባቢ ነው፣ እኛ ያለንበት መንደር የፍሳሽ መስመር ስላልገባለት ሁላችንም ግቢያችን ውስጥ ባለ ሴፕቲክ ታንክ ነው የምንጠቀመው፣ ሰዉ ሴፍቲ ታንከር ነው የሚለው እኔም እንደዛው ልበለው። ቤቱን ከገዛን 6 ዓመት ሆኖናል ግን አምና ሐምሌ ድረስ ታንከሩ ግቢው ውስጥ የት ጋ እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ሻወር ቤት ነው ያስታወቀው። ሽንት ቤት ውሃ ስንለቅ የሻወሩ መውረጃ እንደመንቦቅቦቅ ይላል፣ ከዛ ሽታው መጣ፣ ከዛ ውሃው አልወርድ አለ። እኔ ቱቦ የተደፈነ መስሎኝ ኮስቲክ ሶዳ ገዝቼ ደፋሁበት፣ በማግስቱ ደግሞ በረኪና። ሁለቱንም ባላደርገው ይሻል ነበር ምክንያቱም ታንከር ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እንደዛ አይነት ነገር በብዛት ሲገባባቸው ያልቃሉ። በ4ኛው ቀን የሳኒተሪ ባለሙያ ጠራን፣ መጥቶ ገና ግቢ ያለውን ማንሆል ሲከፍት እስከ አፉ ሞልቷል። ከቤት ውጪ ያለው ማንሆል ከሞላ ችግሩ የቤት ውስጥ ቱቦ አይደለም፣ ወደ ታንከሩ የሚሄደው መስመር ወይ ታንከሩ ራሱ ነው። ይቺን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ የምከፍተው ማንሆሉን ነበር።

የታንከሩን ክዳን ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የበፊቱ ባለቤት ግቢውን ሲያስነጥፍ ክዳኑንም አብሮ አልብሶታል። ከማንሆሉ የሚወጣው ቱቦ ወዴት እንደሚሄድ አይተን በዛ አቅጣጫ መሬቱን በፌሮ እየመታን ሄድን፣ ድምፁ ባዶ የሆነበት ቦታ ላይ ንጣፉን ሰብረን አገኘነው።

እዚህ ጋ የሆነውን ነገር እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ለቁፋሮ ያመጣነው የቀን ሰራተኛ 20 ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፣ «ጋሼ በገመድ እሰሩኝና ገብቼ በባልዲ ላውጣው፣ ከፍሳሽ መጣጭ መኪናው ይረክስልሃል» አለኝ። እኔ ዝም አልኩ፣ እንዴት እንደማመቻችለት እያሰብኩ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሆነው የሚሰሙን ጎረቤታችን ጮኸው መጡ፣ «ልጄ ተው! እዛ ውስጥ የገባ አይወጣም፣ ሊያወጣው የገባውም አይወጣም» ብለው እጁን ይዘው ከጉድጓዱ አራቁት። ታንከር ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይጠራቀማል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል ግን ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ በዛው ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ሚቴንም አለ እሱ ደግሞ እሳት ይይዛል፣ ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ሲጋራ ማጨስ ክብሪት መጫር የለም። ባዶ ቢመስልም፣ ገመድ ቢኖርም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ማንንም እንዳታስገቡ። ልጆች ካሉ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ዞር አይባልም።

የፍሳሽ መኪናው መጣ፣ መጠጠ፣ ከፈልን፣ ተገላገልን ብለን ተኛን። በ3 ሳምንት ተመልሶ ሞላ።

ሁለተኛ ጊዜ ስጠራ ነው ቆሜ ማየት የጀመርኩት። ለካ በመጀመሪያው ቢያጆ የሄደው የላይኛው ውሃ ነው። ታንከር ውስጥ ያለው ነገር ሶስት ቦታ ይከፈላል፣ ከላይ ቅባትና አረፋ ይንሳፈፋል፣ መሀል ውሃው ነው፣ ከታች ዝቃጩ ይተኛል፣ መውጣት ያለበት ዋናው እሱ ነው። ዝቃጩ ሲከማች ውሃው ሳይጠል ይወጣና ቀጥሎ ያለውን የማስረጊያ ጉድጓድ፣ ማለትም ውሃው ወደ አፈር የሚሰርግበትን፣ ይደፍነዋል። አሁን ሰራተኞቹን ከመጀመራቸው በፊት ነው የምነግራቸው፣ የመጠጡትን ውሃ መልሰው በግፊት እየለቀቁ ዝቃጩን እንዲበጠብጡትና እንደገና እንዲመጥጡት፣ ታንከሩ ሁለት ክፍል ስላለው ሁለቱንም፣ ሂሳብም የምከፍለው አይቼ ነው።

ግን በ3 ሳምንት ያስሞላው ዝቃጩ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ወጥቼ ማንሆሉን ከፈትኩት፣ ቤት ውስጥ ማንም ውሃ እየተጠቀመ አይደለም ግን ማንሆሉ ውስጥ ውሃ ይንዶቀዶቃል። የጣሪያው አሸንዳ መውረጃ ከፍሳሹ መስመር ጋር ተቀጥሏል! የክረምቱን ዝናብ በሙሉ ታንከሩ ሲቀበል ነው የኖረው፣ በዛ ላይ አፈራችን ዋልካ ነው፣ ዋልካ ክረምት ላይ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያሰርግም። አሸንዳውን ቆርጠን ወደ ውጪ ቦይ አዞርነው። የሽንት ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያም ሌሊት ውሃ ሲመጣ እስከ ጠዋት ያንጠባጥብ ነበር፣ ትንሽ ጎማ ነው የተቀየረለት። ለአንድ ቤተሰብ የተሰራ ታንከር ሰርቪስ ቤት ካሉት ተከራዮች ጋር 9 ሰው እያገለገለ ስለሆነ እንዲህ ያለ ትርፍ ውሃ የሚችልበት አቅም የለውም።

ባለቤቴ ደግሞ የወጥ ቤቱን ነገር ያዘች። የዶሮ ወጥ ቅባት በሙቅ ውሃ ቢሄድም ቱቦ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ስለዚህ ድስቱ መጀመሪያ በሶፍት ተጠርጎ ነው የሚታጠበው፣ የቡና አተላም አትክልት ስር ነው የሚደፋው። ሞዴስ፣ ፓምፐርስና እርጥብ ሶፍት ሽንት ቤት እንዳይጣል ለተከራዮቹም ነግረን ክዳን ያለው ቅርጫት አስቀመጥንላቸው። እርሾ ጨምሩበት ያሉን ሰዎች ነበሩ፣ አልጨመርንም፣ ባክቴሪያው ከቆሻሻው ጋር አብሮ ስለሚገባ እርሾ አያስፈልገውም።

አሁን በየ6 ወሩ ራሴ እለካዋለሁ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ ቀስ አድርጌ እስከ ወለሉ እሰደዋለሁ፣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቼ ሳወጣው ዝቃጩ የደረሰበት ድረስ ጠቁሮ ይወጣል። የኛ ታንከር ውሃ የሚይዘው ጥልቀት 1.80 ሜትር ነው፣ ዝቃጩ አንድ ሶስተኛውን ማለትም 60 ሳንቲ ከመድረሱ በፊት መኪና እጠራለሁ። ጥር ላይ ስለካው 20 ሳንቲ ነበር። ክዳኑም ላይ ዳግመኛ ንጣፍ አልመጣበትም፣ እጀታ ያለው የኮንክሪት ክዳን አሰርተንለታል፣ ለሁለት ሰው ነው የሚነሳው፣ የማስረጊያ ጉድጓዱን ደግሞ በጋው ሳያልፍ አስጠርጌ ጠጠሩን ላስቀይር ነው።